ብሎክቼይን ላይ የተመሠረቱ ጌሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጌሙ ራሱ ያለው ብሎክቼይኑ ላይ ነው»

አይደለም። ብሎክቼይን መዝገብ ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ዋሌት (ዲጂታል ቦርሳ) እንዳለ ይይዛል። ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ውጊያው አብዛኛውን ጊዜ ያለው የጌሙ ኩባንያ ሰርቨር (ኮምፒውተር) ላይ ነው። መዝገቡ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። በ2017 መጨረሻ ክሪፕቶኪቲስ የተባለ ድመት የሚገዛበትና የሚራባበት ጌም ብቻውን ኢቴሪየም የተባለውን ብሎክቼይን አጨናንቆት ነበር። እንደ ፍሎው እና ሮኒን ያሉ ለጌም ተብለው የተሠሩ ሰንሰለቶች (ብሎክቼይኖች) የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

«ኤንኤፍቲ ከገዛሁ ዕቃው ለዘላለም የእኔ ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ኤንኤፍቲ የአንድ ዕቃ ባለቤትነት ብሎክቼይን ላይ የሚመዘገብበት ልዩ ምልክት (ቶከን) ነው። በ2019 ኤፍ ዋን ዴልታ ታይም በተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጌም አንዲት መኪና ከ100,000 ዶላር በላይ ተሸጠች። በማርች 2022 የፎርሙላ ዋን ፈቃድ ስላልታደሰ ጌሙ ተዘጋ። ኩባንያው ለባለቤቶቹ በሌላ ጌም ምትክ አቀረበ። ቶከኑ ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ፤ መኪናዋ የምትሮጥበት ጌም ግን የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሰርቨሩ የማን እንደሆነ ጠይቁ።

«ብሎክቼይን አይጠለፍም»

በማርች 2022 አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለ ጌም ከሚጠቀምበት ሰንሰለት፣ ከሮኒን፣ 173,600 ኢተር እና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ (ሁለቱም ዲጂታል ገንዘቦች ናቸው) ተዘረፈ። ባጠቃላይ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። የምስጠራ ሒሳቡን የሰበረ ሰው የለም። ከሮኒን ገንዘብ ለማውጣት ከዘጠኝ አረጋጋጮች (ዝውውርን በሚስጥር ቁልፍ ፈርመው የሚያጸድቁ ኮምፒውተሮች) የአምስቱ ፊርማ ይበቃ ነበር፤ አራቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበሩ። ሌቦቹ አምስቱንም ቁልፍ አገኙ። ዝርፊያው የታወቀው ከስድስት ቀን በኋላ፣ አንድ ተጠቃሚ 5,000 ኢተር ላውጣ ብሎ ሲያቅተው ነው። ኤፍቢአይ ድርጊቱን ከሰሜን ኮሪያ ሃከሮች ጋር አያይዞታል። «ያልተማከለ» ሲሏችሁ ቁልፉ ስንት ሰው እጅ እንዳለ ቁጠሩ።

«ሰይፌን ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው ይዤ እሄዳለሁ»

ሌላኛው ጌም የሰይፉን ሥዕል ካልሠራ፣ ጉልበቱንም በኮዱ ውስጥ ካልጻፈው አይሆንም። ይህን ደግሞ ቶከን አይሠራውም።

«ብሎክቼይን መብራት ይጨርሳል»

ለኢቴሪየም ይህ ድሮ ቀረ። በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲቀይር የሚፈጀው ኃይል ከ99 በመቶ በላይ ወረደ።

«እየተጫወቱ መኖር ይቻላል»

በኮሮና ጊዜ ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ሰው አክሲን ለእንጀራው ተጫውቷል። ለመጀመር ሦስት አክሲ (የጌሙ እንስሳት) ያስፈልግ ነበር። መግዣ የሌለው ከሌላ ሰው ተውሶ ገቢውን ይካፈላል። የሚከፈለው ኤስኤልፒ በተባለ ቶከን ነው፤ ተጫዋቹ በየቀኑ አዲስ ያመርታል፣ ዋና ጥቅሙ ግን አክሲ ማራባት ነው። በማራባት የተገኙትን አክሲዎች የሚገዛ አዲስ ሰው ሲቀንስ ለኤስኤልፒ ፈላጊ ጠፋ። በ2021 አጋማሽ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ የነበረው ኤስኤልፒ በዓመቱ ከአንድ ሳንቲም በታች ወረደ። ያኔ ቀኑን ሙሉ ቢጫወቱም የሚገኘው የቤት ወጪ አልሸፍን አለ።