«ዶክተር ጆ» ማለት ምን ማለት ነው?

ኳስ ሜዳ ላይ «ዶክተር» ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደሚሮጠው ሐኪም ነው። «ዶክተር ጆ» ግን የማንንም ቁርጭምጭሚት አላሹም። ስሎቫኪያዊው አሰልጣኝ ዮዜፍ ቬንግሎሽ ናቸው። ዶክትሬታቸውን ያገኙት በሰውነት ማጎልመሻ ነው። አዎ፣ እኛ ተማሪ ቤት ኳስ ስንለጋ ያሳለፍነው ክፍለ ጊዜ!

በ1936 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ሩዦምቤሮክ ተወለዱ። ለስሎቫን ብራቲስላቫ አማካይ ሆነው ተጫወቱ፣ አምበልም ነበሩ። ሕመም በጊዜ ጫማ አሰቀላቸውና ወደ አሰልጣኝነት ገቡ። ተጫዋቹ ፓኔንካ ያችን ዝነኛ ፍጹም ቅጣት ምት መሀል ለመሀል ቀስ አድርጎ ሲያስገባና ያኔ የቼኮችና የስሎቫኮች የጋራ አገር የነበረችው ቼኮዝሎቫኪያ የ1976ን የአውሮፓ ዋንጫ ስትወስድ፣ ምክትል አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ። በ1990 ደግሞ ዋና ሆነው አገራቸውን ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አደረሱ።

በዚያው ክረምት አስቶን ቪላ ወሰዳቸው። ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ የመጣ አሰልጣኝ በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን ሲቀጠር የመጀመሪያው ነው። በሜዳቸው ቪላ ፓርክ የጣሊያኑን ኢንተርን 2 ለ 0 ረቱ፤ ሚላን ሄደው 3 ለ 0 ተሸኙ። በሊጉ 17ኛ ወጡና ተሰናበቱ። ስለ አመጋገብ፣ ከጨዋታ በኋላ ሰውነት ስለማፍታታት የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ያኔ ይሄ ለእንግሊዝ ተጫዋች የፈረንጅ ቅብጠት ነበር፣ ፈረንጅ በፈረንጅ ላይ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ አርሰን ቬንገር ተመሳሳይ ነገር ይዘው ወደ አርሰናል ሲመጡ «ፕሮፌሰር» ተባሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዶክተሩ ቀድመው መጥተው ነው የተጎዱት።

በ1998 የስኮትላንዱ ክለብ ሴልቲክ ሲቀጥራቸው አንድ የስኮትላንድ ጋዜጣ «ሴልቲክ ባዶ ቼክ ፈረመ» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ በአማርኛም ይሠራል፤ ቼክ የባንኩም ነው፣ የሰውየው አገርም። ችግሩ ሰውየው ስሎቫክ እንጂ ቼክ አይደሉም።

እሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ ሌላ ስሎቫክ አመጡ፦ ሉቦሚር ሞራቭቺክ። ዕድሜው 33። «ይሄን ሽማግሌ ምን ሊያደርጉት ነው?» ተባለ። ኖቬምበር 21 ቀን ተቀናቃኙ ሬንጀርስ ሴልቲክ ፓርክ መጣ። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ሞራቭቺክ በግራ እግሩ አንዷን አስገባ። ከዕረፍት መልስ ደግሞ በጭንቅላቱ ደገመ። ውጤቱ 5 ለ 1! በነገራችን ላይ፣ ግራኝ ይሁን ቀኝ ማንም መለየት አይችልም ነበር፤ በሁለቱም እግሩ እኩል ይመታል።

ዶክተሩ በአንድ የውድድር ዘመን፣ ያለ ዋንጫ፣ ሥራውን ለቀቁ። በ2021 አረፉ። ሞራቭቺክ ግን እስከ 2002 እዚያው ቆይቶ የሊግ ዋንጫዎች አነሳ። የተገዛው በ300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር።