ባንኬ ተዋጠ፣ ሾርት ሴሉስ?

ሰሞኑንም ሰማሁት። አንድ የቤት ጉዳይ አዋቂ ነኝ ባይ፣ «ባንካችሁን ሌላ ባንክ ከገዛው ዕዳችሁን በሳንቲም ነው የገዛው፤ ለሾርት ሴል ያቀረባችሁትን ዋጋ ሁሉ ይቀበላል» ብሎ አወራ። ማምሻውን ሁለት ደንበኞቼ ደወሉልኝ። አንደኛዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ ቤቷን የሚገዛው ሰው ዋጋውን ዝቅ እንዲያደርግ ልትነግረው ነው! እንኳን ቀድማ ደወለች።

ሾርት ሴል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቤቱ ዋጋ ዕዳውን አይሸፍንም፣ አበዳሪው ግን ጉድለቱን አውቆ ሽያጩን ይፈቅዳል። ሾርት የተባለው ስለሚጎድል እንጂ ቶሎ ስለሚያልቅ አይደለም። ወራት ይፈጃል።

ጥያቄው ፈቃጁ ማነው ነው። እቁብን አስቡ። ብሩን በየወሩ የምትሰጡት ለጸሐፊው ነው። ደብተሩን የሚይዘው፣ ስታረፍዱም የሚደውለው እሱ ነው። ብሩ ግን የአባላቱ ነው። ዕጣው ቀድሞ ወጥቶላችሁ፣ ብሩን ከበላችሁ በኋላ መክፈል ቢያቅታችሁ፣ ጸሐፊው በራሱ ሥልጣን «ግማሹን ተዉት» ሊላችሁ አይችልም። አሁን ጸሐፊው ደብተሩን ለአክስቱ ልጅ አስረክቦ አገር ቤት ገባ እንበል። ዕዳችሁ ቀነሰ? አልቀነሰም። አባላቱ ተቀየሩ? አልተቀየሩም። የተቀየረው የምትደውሉበት ስልክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሞርጌጅ ክፍያ የምትልኩለት ባንክ ብዙ ጊዜ ያ ጸሐፊ ነው። ሰርቪሰር ይባላል። የብድሩ ባለቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ፋኒ ሜ ወይም ፍሬዲ ማክ፣ ወይም ሌላ ኢንቨስተር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ባንክ ኦፍ አሜሪካ የቤት አበዳሪውን ካንትሪዋይድን ሲጠቀልል፣ በአመዛኙ የተረከበው የሌሎች ሰዎችን ብድር ደብተር ነበር። ያኔ ሾርት ሴል ጀምሮ የነበረ ሰው ፈቃዱን የሚጠብቀው ከዚያው ከድሮው ኢንቨስተር ነው። አዲሱ ነገር የደብዳቤው አርማ ብቻ ነበር።

ሰውዬው ትንሽ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ አልክድም። ብድሩን ባንኩ ራሱ ይዞት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዋኮቪያ የተባለው ባንክ ጎልደን ዌስት ከሚባል አበዳሪ የወረሳቸውን ብድሮች በእጁ አቆይቷቸው ነበር። ዌልስ ፋርጎ በ2008 መጨረሻ ዋኮቪያን ሲረከብ የብዙዎቹን ዋጋ ከመነሻው ቀንሶ ነው መዝገቡ ላይ ያሰፈረው። እንዲህ ሲሆን ጉድለቱን መዋጥ ለአዲሱ ባንክ ይቀለዋል። ግን በርካሽ የገዛ ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል ያለው ማነው? መርካቶ ሄዳችሁ ሞክሩት።

ደግሞ ውህደትና ውድቀት ይምታታሉ። ባንኮቹ ወደው ከተዋሃዱ፣ አዲሱ ባንክ የድሮውን ግዴታ ይወርሳል። የተፈረመ የሾርት ሴል ፈቃድ በእጃችሁ ካለ፣ የተሰጠው ቀን እስካላለፈ ድረስ ይሠራል። ባንኩ ወድቆ ኤፍዲአይሲ፣ ማለትም ለባንክ ተቀማጭ ዋስትና የሚሰጠው የመንግሥት ተቋም፣ ከተረከበው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ሙቹዋል ሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 ሲወድቅ፣ ጄፒሞርጋን ቼዝ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ከኤፍዲአይሲ እጅ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ባንክ ላይ «በስልክ ቃል ገብተውልኝ ነበር» ማለት አይሠራም። ከ1942ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ በባንኩ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የጎን ስምምነት ኤፍዲአይሲን አያስገድድም። ጸሐፊው ቡና ላይ «አይዞህ» ያለህን የአክስቱ ልጅ አያውቀውም።

እዚህ ላይ የእቁብ ምሳሌዬ ሊሰበር ነው። ፈርስት ሪፐብሊክ በሜይ 2023 ወድቆ ለጄፒሞርጋን ሲሸጥ፣ ኤፍዲአይሲ በቤት ብድሮቹ ላይ ከሚደርሰው ኪሳራ 80 በመቶውን ሊሸከም ተስማማ። ኪሳራ የሚጋራ መንግሥት ያለው እቁብ አላየሁም። «ታዲያ ባንኩ ምን ቸገረው፣ ይፈቅዳል» እንዳትሉ። ሌላ ሰው ኪሳራውን ሲካፈል ወረቀቱ ይበዛል። ሾርት ሴሉ ከፎርክሎዠር (አበዳሪው ቤቱን ወስዶ ከመሸጥ) የተሻለ መሆኑ በሰነድ መታየት አለበት።

እኔ ሽያጭ ሲፈርስ ያየሁት በዋጋ ሳይሆን በፋይል ነው። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ይለቃል፣ ኮምፒውተሩ ይቀየራል፣ የላካችሁት ሁሉ «አልደረሰንም» ይባላል። አንድ ደንበኛዬ የባንክ ስቴትመንቱን አራት ጊዜ ልኳል። በአራተኛው ገዢው ሰልችቶት ሌላ ቤት ገዛ። ዛሬ ሕጉ ትንሽ ይሻላል። ሰርቪሰር ሲቀየር በመደበኛው 15 ቀን ቀድሞ ማስታወቂያ ይላካል። ከዝውውሩ በኋላ ባሉት 60 ቀናት፣ ተሳስታችሁ በጊዜው ለድሮው የላካችሁት ክፍያ እንደዘገየ አይቆጠርም። ሕጉ ፋይሉም አብሮ እንዲሻገር ያዛል። እናንተ ግን ኮፒ ያዙ።

በዚያው ቤት ላይ ሁለተኛ ብድር ያለባችሁ ደግሞ «ሁለቱም ባንኮች አንድ ሆኑልኝ፣ ቀለለ» ትላላችሁ። ሁለት እቁብ አንድ ጸሐፊ ቢይዛቸውስ? የአንደኛው አባላት ለሌላኛው ምናቸው ነው?

ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ልበል። ብድሩ መንግሥት ዋስ የሆነበት የኤፍኤችኤ ወይም የቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች) ብድር ከሆነ የራሳቸው ደንብ አላቸው፣ የባንኩ ስም መቀየር አይነካውም። ካሊፎርኒያ ከ2011 ጀምሮ ሾርት ሴሉን የፈቀደ አበዳሪ ቀሪውን እንዳይጠይቅ ከልክላለች። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ግን ቀሪው ዕዳ መተውን የሚናገር መስመር ደብዳቤው ላይ ፈልጉ። የተተወው ዕዳ ታክስ ላይ እንደ ገቢ ሊመጣ ይችላል፣ እሱን ሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ። እኔ ቤት ሻጭ ነኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓን እህታችንን የብድሩን ባለቤት ፈልጊ አልኳት። ፋኒ ሜም ፍሬዲ ማክም በድረ ገጻቸው ላይ ስምና አድራሻ አስገብቶ ማየት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ፍሬዲ ማክ ነው። ቤቱን ከገዛች ጊዜ ጀምሮ ሦስት ባንክ ተፈራርቆባታል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።