መንፈሳዊ ዕረፍት ምንድን ነው? ቁጥር 28ን ብቻ አንብበው ለሚያቆሙ

ሰሞኑን አንድ የስብከት ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ሰባኪው አንደበቱ የተዋጣለት ነው፤ እሱን አልክድም። የሚለው ግን ባጭሩ ይህ ነው፦ ወደ ክርስቶስ መጥተህ አሁንም የምትጨነቅ ከሆነ ገና አልመጣህም። ሕዝቡ አሜን ይላል። ይህንኑ ነገር በተለያየ ሰው አፍ ስሰማው ኖሬያለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር እንጀራዬ ነውና ዘንድሮ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ሁሉም የሚጠቅሰው ማቴዎስ 11፥28ን ነው። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ፥ እኔም አሳርፋችኋለሁ።» ከዚያ መጽሐፉ ይከደናል። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» ይላል። የደከመውን ሰው ጠርቶ ቀንበር ያሸክመዋል! «ለነፍሳችሁም ዕረፍት ታገኛላችሁ» የሚለው ተስፋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሐረግ ደግሞ አዲስ አልነበረም። በኤርምያስ 6፥16 ላይ አለ። እዚያ ሕዝቡ መንገድ ላይ ቆሞ የቀደመችውን መንገድ እንዲጠይቅና እንዲሄድባት ይነገረዋል። ዕረፍቱን የሚያገኘው እየሄደ ነው። እነሱ «አንሄድባትም» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ታዲያ ሸክሙ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ሰባኪያችን የሚያመልጠው። ለእሱ ሸክም ማለት የቤት ኪራይ፣ ፈተና፣ የማይሳካ ትዳር ነው። እነዚህ ሸክም አይደሉም አልልም። ማቴዎስ ግን ከዚህ ንግግር ቀጥሎ ምን እንዳስቀመጠ ተመልከቱ። ምዕራፍ 12 ሲከፈት ደቀ መዛሙርቱ ተርበው በሰንበት እሸት ቀጥፈው ይበላሉ፤ ፈሪሳውያን ይከሷቸዋል። ትንሽ አለፍ ብሎ እጁ የሰለለች ሰው ይፈወሳል፤ እሱም በሰንበት ነው፤ እሱም ያስከስሳል። ምዕራፍ 23 ላይ ደግሞ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ስለሚጭኑ፣ እነሱ ግን በጣታቸው እንኳ ስለማይነኩት ሰዎች ይናገራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ የተወራው ስለ ሃይማኖታዊ ሸክም ነው። እግዚአብሔር እንዲቀበለኝ ምን ልጨምር፣ አሁንስ በቃ ወይስ ይቀራል የሚለው ሩጫ ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ሙያዬ አላስቀምጥ ብሎኛል። ይህን ሰምታችሁ የአይሁድ ሕግ በሙሉ ጭቆና ነበር ብላችሁ እንዳትደመድሙ። መዝሙር 119ን የጻፈው ሰው በሕጉ ደስ ይለው ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 51 አንገታችሁን ከጥበብ ቀንበር በታች አድርጉ ይላል፤ ጥቂት ደክሞ ብዙ ዕረፍት እንዳገኘም ይመሰክራል። (ሲራክ በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ቀኖና ውስጥ ያለ መጽሐፍ ነው። ፕሮቴስታንቶች አይቆጥሩትም፤ ቢያንስ ለታሪኩ ግን አንብቡት።) በዚያ ዘመን ቀንበር መሸከም ማለት በአስተማሪ ሥር መግባት እንደነበረ ከዚህ ይገባናል። ኢየሱስም ያለው «ከእኔ ተማሩ» ነው።

ቀንበሩን ትንሽ ልለጥጠው። በሬን የሚጎዳው ማረሱ ብቻ አይደለም። ቀንበሩ በልኩ ካልተጠረበ መሬቱ ለስላሳ ቢሆን እንኳ ጫንቃውን ይልጠዋል። በልክ የተጠረበው ቀንበር ግን ውሎ ሲያርስ ቢውልም አያቆስለውም። በሬው መድከሙ አይቀርም፤ ማታ ግን ድካም ብቻ ይዞ ይገባል። ወይፈን ሲገራ አይታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ እንዲያ የሚያልበው ማረሱ አይደለም። ከቀንበሩ ጋር ሲታገል፣ ወደ ጎን ሲጎትት፣ ሲንፈራገጥ ነው ኃይሉ የሚያልቀው። ከኋላ ያለው ገበሬ ማንነትም ለውጥ አለው። በየትልሙ ጫፍ ጅራፍ ከሚያጮኸው ሰው ጋር መዋልና በሬውን ከሚያውቀው ሰው ጋር መዋል አንድ አይደለም። «እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝና» የሚለውን የሚያነበው ሰው ጥቂት ሆነ እንጂ፣ ቀንበሩ ለምን እንደሚቀልል የተነገረው እዚያ ላይ ነው።

ቀንበር የሁለት በሬ ነውና ክርስቶስ ከጎንህ ተጠምዶ አብሮህ ይጎትታል የሚል ስብከትም አለ። ደስ ይላል። ጽሑፉ ግን እንዲህ አይልም። «ቀንበሬን» ነው ያለው፤ ጫኙ እርሱ ነው። ደግሞም በዚያ ዘመን ሰው በትከሻው ዕቃ የሚሸከምበት ቀንበርም ነበር። ለመጽናኛ ተጠቀሙበት፤ አስተምህሮ ግን አትገንቡበት።

እንግዲህ መንፈሳዊ ዕረፍት ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ተቀባይነትን ለማግኘት መሥራት አቁሞ ተቀባይነትን ይዞ መሥራት ነው። ሥራው አልቀረም። የተቀየረው የምንሠራበት ምክንያት ነው። ዘፍጥረትን እዩት። ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው። በማግሥቱ ሰባተኛው ቀን፣ የዕረፍቱ ቀን ሆነ። ሰው የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ያገኘው አንዳች ሳይሠራበት ነው። በዘዳግም 5 ሰንበት ሲታዘዝ ደግሞ የሚጠቀሰው ምክንያት የግብፅ ባርነት ነው። ፈርዖን ገለባውን ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ሳይቀንስ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ በቃህ የሚል ድምፅ የለም። ብዙ አማኝ እግዚአብሔርን የሚያየው በዚህ ፈርዖን መልክ ነው፤ ጾሙንም ጸሎቱንም እንደ ጡብ ይቆጥራል።

ይህ ዕረፍት በምን መንገድ ይደርሰናል በሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። አንዱ ንስሐንና ቅዱስ ቁርባንን ያስቀድማል፣ ሌላው በእምነት ብቻ መጽደቅን። ያ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም። ዕረፍት የስሜት መረጋጋት ብቻ ነው ብሎ ያስተማረ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግን አላውቅም።

ወደ ሰባኪው ልመለስ። ወንድሜ፣ የሚጨነቅ ሰው ገና አልመጣም ካልክ፣ ጳውሎስን የት ልታስቀምጠው ነው? በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 2 ላይ ጢሮአዳ ደርሶ፣ የወንጌል በር ተከፍቶለት፣ ቲቶን ስላላገኘው ብቻ መንፈሱ ዕረፍት እንዳጣ ይናገራል። ሥራው ሞልቶለት ሳለ ወንድሙ ጠፋበትና ትቶ ሄደ። ምዕራፍ 7 ላይ መቄዶንያ ከደረሰ በኋላም በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይጽፋል። የተጽናናውም በቲቶ መምጣት ነው። በራእይ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው በሩን አንኳኳ። ዕረፍቱን የሰጠው ጌታ ራሱስ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ተናግሮ የለ? በአንተ መለኪያ ሁለቱም ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ማሳሰቢያ አለኝ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የታከተው ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ወደ ሐኪም መሄዱ እምነቱን አይቀንሰውም። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ስለ እምነት ማነስ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። የእግዚአብሔር ንግግር የመጣው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

በተቃራኒው ወገን ያሉትም አያስደስቱኝም። ዕረፍት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚሉት ማለቴ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ዓመት አካባቢ በግብፅ በረሃ ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ይህን በሽታ ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። በእኩለ ቀን መነኩሴውን የሚይዘው መታከት ፀሐይዋን የቆመች ያስመስልበታል ይላል፤ ቀኑም ሃምሳ ሰዓት ያለው ይመስለዋል። ሰውዬው በመስኮት ያያል፣ ይወጣል፣ የመብል ሰዓት ደረሰ እንዴ ብሎ ፀሐይዋን ይለካል፣ ጎረቤት ብቅ ይል ይሆን ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። የሚሠራው የለም፣ ዕረፍትም የለውም። የዛሬው ሰው ስልኩን ሲከፍትና ሲዘጋ ትዝ የሚለኝ ይህ መነኩሴ ነው።

ዕብራውያን 4 ጉዳዩን ወደፊትም ያደርገዋል። የሰንበት ዕረፍት ለእግዚአብሔር ሕዝብ ቀርቶለታል ይልና ወደዚያ ዕረፍት ለመግባት እንትጋ ይላል። ለማረፍ ትጋ የሚል ትእዛዝ! ያመነ ሰው አሁን ወደ ዕረፍቱ ይገባል፣ ሙላቱ ግን ገና ከፊቱ ነው። ሰባኪያችን የመጨረሻውን ቀን ዕዳ ዛሬ ማታ ካልከፈላችሁ የሚል ይመስላል።

ማርቆስ 6ንም ጨምሩበት። ደቀ መዛሙርቱ ከስብከት ጉዞ ተመልሰዋል፤ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ የላቸውም። ኢየሱስ ጥቂት ዕረፉ ብሎ በታንኳ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው። ሲደርሱ ሕዝቡ በእግር ቀድሟቸው ይጠብቃል። እስኪመሽ አስተማረ። ከዚያ አምስት ሺህ ወንዶችን ማብላት መጣ። እሱ ሲያልቅ በታንኳ ተሳፈሩ፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆኖባቸው ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ገና እየቀዘፉ ነበር። ወንድሜ፣ ጌታ ራሱ ለዕረፍት የወሰዳቸው ሰዎች ናቸው። በሚቀጥለው ቪዲዮህ ይህን ክፍል ብትሰብክልን ምን ይመስልሃል?