«ደጋፊ» ሕክምና እና «አማራጭ» ሕክምና አንድ አይደሉም

የሕክምና ተማሪዎች ስለ ደጋፊ ሕክምና ያላቸው አመለካከት ሲጠየቅ፣ መልሱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ «ደጋፊ» የሚለው ቃል ከ«አማራጭ» ጋር ስለሚምታታ ነው። የሁለቱ ልዩነት በሕክምናው ዓይነት ሳይሆን በአጠቃቀሙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የ6 ወር መድኃኒቱን እየዋጠ ፀበል ቢጠመቅ ደጋፊ ይባላል። መድኃኒቱን ጥሎ ፀበል ብቻ ቢል አማራጭ ይሆናል። ፀበሉ ያው ነው፤ አደጋው ማቋረጡ ላይ ነው፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊለምድ፣ በሽታውም ወደ ቤተሰብ ሊተላለፍ ይችላል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ማለትም፣ «ሁሉም ከንቱ ነው» ማለትም ስህተት ነው። ኮሶ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ደግሞ የተገኘው በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሚታወቅ ዕፅ ነው፤ ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍላበታለች።

ተማሪው በቁጣ «የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ እንዴ?» ካለ፣ ታማሚው ይደብቃል። ይልቅ እንዲህ ይጠይቅ፦ «ከሐኪም ትእዛዝ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? በምን መጠን? በቀን ስንት ጊዜ? ያዘዝንልዎትንስ አቁመዋል?» ከሁሉም የመጨረሻዋ መታለፍ የለባትም።