የነባር ሕዝቦችን መብት መደራደር፦ የካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶች ልምድ

በካናዳ የነባር ሕዝቦችን መብትና ጥቅም የሚመለከት ድርድር የሕግ ተማሪዎች ሊሠለጥኑበት የሚገባ ሙያ ተደርጎ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሦስቱን የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን ነባር መብቶች፣ እንዲሁም ከመንግሥት ጋር ካደረጓቸው ስምምነቶች የሚመነጩትን መብቶች ያጸናል፤ ይዘታቸውን ግን ስለማይዘረዝር፣ ዝርዝሩ በፍርድ ቤት ወይም በድርድር እየተወሰነ መጥቷል።

ፍርድ ቤት ብቻውን እንደማይበቃ በጉልህ የሚያሳየው የደልጋሙክ ጉዳይ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚኖሩት የጊትክሳንና የዌትሱዌተን ሕዝቦች ባህላዊ መሪዎች የመሬት መብታቸው እንዲታወቅላቸው ባቀረቡት ክስ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ክርክር ብቻ 374 ቀናት ፈጅቷል። አንዲት የጊትክሳን አዛውንት የወገናቸውን ታሪክ የያዘ ጥንታዊ ዜማ ለማሰማት ሲነሡ፣ ዳኛው ዜማውን መስማት ለራሳቸው ለዳኛው እንደማይጠቅማቸው ገልጸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 የቃል ታሪክ በማስረጃነት ተገቢው ክብደት እንዲሰጠው ወሰነ፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዞም ተከራካሪዎቹ በድርድር ቢፈቱት እንደሚሻል አሳሰበ። ከዚህ ፍርድ ወዲህ አረጋውያንን በጥሞና ማዳመጥ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጠበቃው የሙያ ግዴታ ነው።

ይህን ክህሎት ለማስተማር ከተዘጋጁት መድረኮች ዋነኛው ካዋስኪምሆን የተባለው ዓመታዊ የተማሪዎች ምስለ ችሎት ሲሆን፣ የሚያስተናግዱትም የሕግ ትምህርት ቤቶች በየተራ ናቸው። ምስለ ችሎት ይባል እንጂ አሸናፊና ተሸናፊ አይለይበትም። ቡድኖቹ አንድን ነባር ሕዝብ፣ የፌዴራሉን ወይም የክፍለ ሀገሩን መንግሥት፣ አልፎ አልፎም ሌላ ባለጉዳይ ወክለው አቋማቸውን በጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሁሉም ሊቀበለው የሚችል ስምምነት ይፈልጋሉ። ሽምግልናን ለሚያውቅ አንባቢ አቀማመጡ እንግዳ አይሆንበትም፤ ይሁንና እዚህ የሚደራደሩት በአቅም እጅግ የተራራቁ ወገኖች በመሆናቸው፣ መቻቻልን ብቻ የሚሰብክ ሥልጠና ደካማውን ወገን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ፣ በሕዝቡ ስም የመናገር ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ነው። በዌትሱዌተን ምድር ለሚያልፈው የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ፣ ኢንዲያን አክት በተባለው የፌዴራል መንግሥት ሕግ የተቋቋሙት የተመረጡ ምክር ቤቶች ከኩባንያው ጋር ሲፈራረሙ፣ በዘር ሐረግ ሥልጣን የሚወርሱት መሪዎች በመቃወማቸው ውዝግቡ በ2020 አገር አቀፍ ተቃውሞ አስነሥቷል። ፊርማ ያገኘ ተደራዳሪ የሕዝቡን ፈቃድ አግኝቷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በክፍል ውስጥ ሊታይ የማይችለው የጊዜው ርዝመት ነው። የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት በሕግ የሚታወቅ መሆኑን ካሳየው ከ1973ቱ የካልደር ፍርድ በኋላ የተጀመረው፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚኖረው የኒስጋ ሕዝብ ድርድር ፍሬ አፍርቶ ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በ2000 ነው፤ ድርድሩን የጀመሩ አንዳንድ አዛውንቶች ፍጻሜውን አላዩም።

የነባር ሕዝቦች ልጆች በተላኩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች የደረሰውን በደል ያጣራው የካናዳ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ባቀረበው 28ኛ ጥሪ፣ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ ስለ ነባር ሕዝቦችና ስለ ሕግ የሚያስተምር ኮርስ እንዲወስዱና ግጭት አፈታትን በተግባር እንዲለማመዱ ጠይቋል። አንድ ኮርስ ግን ጅምር ብቻ ነው። የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመረው ጥምር ዲግሪ የካናዳን ሕግና የነባር ሕዝቦችን የራሳቸውን ሕግ አጣምሮ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹም ወደ ማኅበረሰቦቹ ሄደው ሕጉ በሚኖርበት ስፍራ ይማራሉ።