ለእስረኞች የሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ

በእስር ቤት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ እስረኛው ሲገባ ከሚደረግለት የአእምሮ ጤና ምርመራ ጀምሮ እስኪፈታ ድረስ የሚዘልቀውን የምክር፣ የሕክምናና ራስን ከማጥፋት የመጠበቅ ሥራ ያቅፋል። ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና በ12 አገሮች የተካሄዱ 62 ጥናቶችን የገመገመ ትንተና ከወንድ እስረኞች 10 በመቶው፣ ከሴቶቹ 12 በመቶው ከባድ ድባቴ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእውነታ የሚነጥለው ሳይኮሲስ ደግሞ ከ25 እስረኞች አንዱን ያህል ይዟል።

ከሁሉም የሚያሰጋው የመግቢያው ሰሞን ነው። የሚፈረድበትን የማያውቅ፣ ከቤተሰቡ ድንገት የተለየ፣ ሱሱ በአንድ ጀምበር የተቋረጠበት ሰው ራሱን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አዲስ ገቢን የጤና ባለሙያ በተቻለ ፍጥነት እንዲያየው የሚያዙትም ለዚህ ነው።

የአገልግሎቱ ዋና ፈተና ግን መተማመን ነው። እስረኛው ለአማካሪው የተናገረው መዝገብ ላይ ሰፍሮ አመክሮ ሲጠይቅ እንዳይመጣበት ይፈራል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ባለሙያውም ደመወዙን ከእስር ቤቱ የሚቀበል ከሆነ ለሁለት ጌቶች የተገዛ ያህል ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1994፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 የእስረኞችን ጤና ለሕዝብ ጤና ተቋማት ማስረከባቸው ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ሐኪሙ የጠባቂው ባልደረባ ካልሆነ ምስጢር መጠበቁ ይቀለዋል።

እስረኛ እስረኛን የሚያዳምጥበት መንገድም አለ። በዌልስ፣ በስዋንሲ እስር ቤት አንድ የ15 ዓመት ልጅ ራሱን ካጠፋ በኋላ ሳማሪታንስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 እስረኞችን አሠልጥኖ አድማጭ ማድረግ ጀመረ። አድማጮቹ አይመክሩም፣ አይፈርዱም፤ የሰሙትን በምስጢር ይይዛሉ። ቁልፍ ሲቆለፍ መስማት ምን እንደሆነ ያውቁታልና ብዙ ጊዜ ባለሙያ የማይደርስበት ይደርሳሉ።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ለብቻ መዝጋት ነው። የማንዴላ ደንቦች ሰውን በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ፣ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ማቆየትን ይከለክላሉ። ሕመሙ የሚብስበትን የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ጨርሶ ለብቻው መዝጋት አይፈቀድም።

ከመፈታት በኋላም አደጋው አያበቃም። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ ተፈቺዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል። ብዙው ሰው ግን የሐኪም ቀጠሮም ሆነ የጀመረውን መድኃኒት ሳይዝ ከበሩ ይወጣል።