የኮንታክት ሌንስ ፊቲንግ ምንድን ነው?

ፊቲንግ ማለት ለአንድ ሰው የሚሆነውን ሌንስ መርጦ፣ ዓይኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከኮርኒያው (ከዓይን ፊት ካለው ጥርት ያለ ሽፋን)፣ ከእንባውና ከዓይን ቆቡ ጋር መስማማቱን አይቶ፣ ከዚያም ለወራት መከታተል ነው። የመነጽር ማዘዣ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጦ ሌንስ ማዘዝ ፊቲንግ አይደለም። ለሠርግ ተብሎ ከመዋቢያ ሱቅ ባለ ቀለም ሌንስ ገዝቶ ማድረግማ ጭራሽ አይደለም። ቁጥር ባይኖረውም ኮርኒያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ ልኬትም ክትትልም ይፈልጋል።

ባሕር ዳር ላይ ጉዳዩ ከውበት ያልፋል። የዓይን አለርጂ ኖሮባቸው ዓይናቸውን እያሹ ያደጉ ልጆች ላይ ኬራቶኮነስ ሊመጣ ይችላል። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ መነጽርም ከአንድ ደረጃ በኋላ እይታውን ማስተካከል ያቅተዋል። ያኔ የሚረዳው ሃርድ ሌንስ (ኦክሲጅን የሚያሳልፍ ጠንካራ ሌንስ፣ አር.ጂ.ፒ.) ነው፤ ሌንሱ የራሱን ለስላሳ ፊት ይሰጣል፣ የኮርኒያውን ጎርበጥባጣነት ደግሞ በሥሩ ያለው እንባ ይሞላዋል። ይህን መግጠም የሚችል ኦፕቶሜትሪስት (እይታ የሚለካ፣ መነጽርና ሌንስ የሚያዝ ባለሙያ) በቅርብ ከሌለ ተማሪው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦም ሰሌዳው አይነበብለትም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ኦፕቶሜትሪስቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ባሕር ዳር ያለው ባለሙያም መሠረቱን ይዞ ነው ሥራ የሚጀምረው። ፊቲንግ ግን በዲግሪ የሚያልቅ ችሎታ አይደለም። ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ (ሲፒዲ) ለሌንስ ባለሙያ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች እጁና ዓይኑ እስኪለምዱ ከደጋገማቸው ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር

መነጽር ከኮርኒያ 12 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል፤ ሌንስ ግን ኮርኒያው ላይ ነው። ስለዚህ ከ4.00 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) በላይ ለሆነ ሁሉ ቁጥሩ መቀየር አለበት። ሩቁን ለማያይ (ማይናስ ቁጥር ላለው) ሰው −6.00 መነጽር በሌንስ −5.50 ገደማ ይሆናል፤ −10.00 ደግሞ ወደ −9.00 ይወርዳል። ለፕላስ ቁጥር ተቃራኒው ነው፤ ይጨምራል። ይህን የዘለለ ባለሙያ ለማይናስ ታካሚው ከሚገባው በላይ ይሰጠዋል። ታካሚው ወጣት ከሆነ ሩቁን ጥርት አድርጎ ስለሚያይ አያማርርም፤ ቆይቶ ግን «ሳነብ ራሴን ያመኛል» እያለ ይመለሳል።

ለሶፍት (ለስላሳ) ሌንስ ኬራቶሜትር (የኮርኒያን ጉብጠት የሚለካው መሣሪያ) ብቻውን ብዙም አይነግረንም። ይበልጥ የሚጠቅመን የኮርኒያው ስፋት ነው። የሚታየው የአይሪስ (የዓይን ባለ ቀለም ክፍል) አግድም ስፋት በአማካይ 11.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ሌንሱም ከዚያ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። 14.2 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደ ሌንስ 11 ሚሊሜትር ኮርኒያ ላይ ሲጠብ፣ 12.5 ላይ ሊላላ ይችላል። ሁለቱ ታካሚዎች በኬራቶሜትር አንድ ዓይነት ንባብ ሊኖራቸው ይችላል።

ሌንሱ ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው ባለ ብርሃን መሣሪያ) ይታያል፦ ሌንሱ መሐል ላይ ነው ወይ? ኮርኒያውን ዙሪያውን ሸፍኗል ወይ? ዓይን ሲርገበገብ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል ወይ? በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ወደ ላይ ገፋ ሲደረግ በቀላሉ ሄዶ ወዲያው ይመለሳል ወይ? የላላ ሌንስ ራሱን ያጋልጣል፤ ይቆረቁራል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር እይታው ይደበዝዛል። አደገኛው የጠበበው ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሲበዛ ይመቻልና። ታካሚው «ያለ አይመስለኝም» ይላል፤ ባለሙያውም ደስ ይለዋል። ጥብቅ ሌንስ ዓይን ሲርገበገብ ለአፍታ ጥርት ብሎ መልሶ ይደበዝዛል፤ ማታ ሲወጣ ነጩ ላይ ክብ የጠርዝ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ምቾትን እንደ ማረጋገጫ መውሰድ የጀማሪ ሥራ ነው።

ፍሎረሲኑን ማንበብ

የሃርድ ሌንስ ፊቲንግ ልብ እዚህ ነው፤ ከአንድ ቀን ሥልጠና ይዞ መውጣት የማይቻለውም ይኸው ነው።

የፍሎረሲን (በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) ወረቀቱ በአንድ ጠብታ ንጹሕ ሳላይን (ለዓይን የተዘጋጀ የጨው ፈሳሽ) ይረጥባል፤ ትርፉ ይራገፋል፤ ታካሚው ወደ ታች እያየ የላይኛው ነጭ የዓይን ክፍል በስሱ ይነካል። ወረቀት የምንለው በምክንያት ነው። ተከፍቶ የሚቆይ የፍሎረሲን ጠርሙስ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያራባ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ቀለሙ ከበዛ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ምንም አይነበብም፤ ጥቂት ጊዜ አርገብግቦ እስኪቀንስ መጠበቅ ነው። ሶፍት ሌንስ ዓይን ላይ እያለ ግን ይህ ቀለም አይደረግም፤ ሌንሱ ራሱ ይነከራል።

በስሊት ላምፑ ሰማያዊ ብርሃን፣ ከተቻለ ከማያው ፊት ቢጫ ፊልተር ተደርጎ፣ ሦስት ቦታ ይታያል፦ መሐሉ፣ መካከለኛው ቀለበትና ጠርዙ። አረንጓዴ የበዛበት ቦታ እንባ ተጠራቅሟል፤ ጠቆር ያለበት ሌንሱ ለኮርኒያው ቀርቧል። ቀርቧል እንጂ ነክቷል አላልንም። እንባው ከ20 ማይክሮን ገደማ ሲሳሳ ብርሃኑ ለዓይን ስለማይታይ ጥቁር ሁሉ ንክኪ አይደለም። ለጤናማ ኮርኒያ የምንፈልገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስና እኩል የሆነ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ደማቅ ቀለበት ነው። ያ ቀለበት ከጠበበ እንባ አይለዋወጥም፣ ሌንሱም ይጣበቃል። ከሰፋ ጠርዙ ቆቡን ይቧጥጣል።

ኬራቶኮነስ ላይ እኩል አረንጓዴ መጠበቅ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሌንሱ የሾለውን የኮርኒያ ጫፍ በስሱ ነክቶ ክብደቱን ከሁለት የጎን ቦታዎች ጋር የሚጋራበት ሁኔታ ነው። መሐሉ ላይ ሰፊና ድቅድቅ ጥቁር ከታየ ሌንሱ ከኮርኒያው ይልቅ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ጫፉን እየፈገፈገ ውሎ አድሮ ጠባሳ ይተዋል። እይታው በዚያ ሌንስ ከሁሉም የተሻለ ሊሆን መቻሉ ነው ፈተናው። ታካሚው «ይኸኛው ይሁንልኝ» ሲል እምቢ ማለት ያስፈልጋል።

ንባቡን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የላይኛው ቆብ ሌንሱን ወደ ላይ ከሳበው ትክክለኛው ሌንስ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ቆቡን በጣት ይዞ፣ ሌንሱን መሐል አድርጎ ማየት ይገባል። በእጅ የሚያዘው የአልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚያግድ ሌንስ ላይ ምንም ብርሃን አያሳይም፤ ሁሉም ጥቁር ይሆንና ባለሙያው «ፍጹም ጠፍጣፋ» ብሎ ያለ ምክንያት ይቀይረዋል። ሦስተኛው የአየር አረፋ ነው። ከሌንሱ ሥር የገባ አረፋ ኮርኒያው ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ ይተዋል፤ ቀለሙም እዚያ ተጠራቅሞ ቁስል ይመስላል። ሌንሱ ወጥቶ ዓይኑ በሳላይን ሲታጠብ ቀለሙ ከሄደ፣ ጎድጓዳዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ከጠፉ ቁስል አልነበረም። ቅርጹ ግን መስተካከል ይፈልጋል።

ሌንሱን ስንቀይር ቁጥሩም ይቀየራል፤ በሥሩ ያለው እንባ ራሱ ሌንስ ነውና። በ7.70 ሚሊሜትር ከርቭ (የሌንሱ የውስጥ ጉብጠት ራዲየስ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ይበልጥ ጠፍጣፋ ነው) −3.00 የሆነ የሙከራ ሌንስ አድርገን፣ በላዩ ላይ ስንለካ ታካሚው ተጨማሪ −1.00 ከጠየቀ የሚታዘዘው −4.00 ነው። መሐሉ ላይ እንባ ስለበዛ ወደ 7.80 እናላላው ካልን ግን −3.50 ይሆናል። ለእያንዳንዱ 0.05 ሚሊሜትር ለውጥ 0.25 ዳዮፕተር የሚለው ሕግ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለተለመደ ኮርኒያ ነው። ኬራቶኮነስ ላይ ከርቩ 6.50 አካባቢ ሲሆን ያው 0.05 ሚሊሜትር ወደ 0.40 ዳዮፕተር ይጠጋል። በዚህ ደረጃ በጭንቅላት ማስላቱን ትቶ በአዲሱ ከርቭ ሌላ የሙከራ ሌንስ አድርጎ ደግሞ መለካት ይሻላል።

የሙከራ ሌንሶች ከሰው ወደ ሰው ይሄዳሉ። ለሌንስ በተዘጋጀ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውስጥ ቢያንስ ለ3 ሰዓታት ይቆያሉ፣ ፐሮክሳይዱ ይገለላል፣ ሌንሱ ታጥቦ ደርቆ ይቀመጣል። ከፋርማሲ ለቁስል የሚሸጠው ፐሮክሳይድ ለዚህ አይሆንም።

ውኃ

ጣና ዳር የሚሠራ ባለሙያ ለታካሚው ከሁሉ አስቀድሞ መንገር ያለበት ሌንስና ውኃ እንደማይገናኙ ነው። የቧንቧ ውኃ፣ የጣና ውኃ፣ ውኃ ሲጠፋ ከበርሜል የሚቀዳው፣ ሁሉም አንድ ናቸው። አካንታሜባ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት በሐይቅም በቧንቧም ይኖራል። ጊዜው ሲከፋበት ራሱን በጠንካራ ሽፋን ይጠቀልላል፤ በዚያ መልኩ ክሎሪንን ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በሌንስ ተጠቃሚዎች ላይ ይህ ፍጥረት የሚያመጣው የኮርኒያ ኢንፌክሽን ሲበዛ ምርመራው ቤት ውስጥ ከጨው ተበጥብጦ ወደሚሠራ ሳላይን አመልክቶ ነበር። «አፍልቼ አቀዝቅዤው ነው» የሚል ታካሚ ስለዚህ አልዳነም፤ ውኃው ቢፈላም የቀዘቀዘበት ዕቃና የነካው እጅ አልፈሉም።

ምክሩ ከሰዉ ኑሮ ጋር ካልተያያዘ አይሰማም። ጣና ላይ ለመዋኘት፣ ጀልባ ላይ ውኃ በሚረጭበት ጊዜ፣ ጥምቀት ላይ፣ ጸበል ከመጠመቅ በፊት ሌንስ ይወጣል። ጸበሉን ተዉ ማለት ሥራችን አይደለም፤ ሌንሱን አውጥታችሁ ግቡ ማለት ግን ነው። ወጥ የሠራ እጅ በሳሙና ታጥቦም በርበሬውን አይለቅም፤ ሌንስ ጠዋት ከምግብ ሥራ በፊት ይገባል፣ ማታ ከማውጣት በፊት እጅ ደጋግሞ በሳሙና ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅም ፍጹም ይደርቃል። ኩል የሚቀባ ሰው ሌንሱን አስቀድሞ ያደርጋል፤ ኩሉ ከሽፋሽፍቱ በስተውጭ ብቻ ይሆናል። ባጃጅ ውስጥ ለሚገባው የበጋ አቧራ መነጽር መደረብ ይጠቅማል።

ሶሉሽን (የሌንስ ማጽጃና ማቆያ ፈሳሽ) በየቀኑ ይደፋል፤ አሮጌው ላይ አዲስ አይጨመርም። ሌንሱ በጣት ይታሻል፤ «ማሸት አያስፈልገውም» ተብሎ ጠርሙሱ ላይ ቢጻፍም ይታሻል። ማስቀመጫው በሶሉሽን ታጥቦ ተገልብጦ ይደርቃል፤ ቢበዛ በ3 ወር ይጣላል። ከሌንስ ጋር መተኛት የኮርኒያ ኢንፌክሽንን አደጋ ቀን ብቻ ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር ወደ አምስት እጥፍ ያደርሰዋል።

ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ አሞት፣ ብርሃን ፈርቶ ከመጣ ሌንሱ ይወጣል፤ ዓይኑ አይታሸግም፤ ስቴሮይድ ጠብታ አይሰጥም። በዚያው ቀን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይላካል፤ ሌንሱንና ማስቀመጫውንም ሳያጥብ ይዞ ይሂድ፣ ናሙና ይወሰድበታልና። አካንታሜባ መጀመሪያ ላይ የሄርፒስ ቫይረስ ቁስል ይመስላል፤ ሕመሙም ስሊት ላምፑ ላይ ከሚታየው በላይ ነው። ኮርኒያው ላይ የሚታየው የታወቀ ቀለበት የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ እሱን መጠበቅ አይገባም።

ችሎታው እንዴት ይሳላል?

የአንድ ቀን ሥልጠና የምስክር ወረቀት ሰዓት ይሞላል፤ መጥፎ ነገር አይደለም። ነገር ግን ፊቲንግ የሚያስተምረው ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ማየቱ ነው፦ በ1 ሳምንት፣ በ1 ወር፣ በ3 ወር፣ ከዚያ በየ6 ወሩ። ታካሚው ሌንሱን አድርጎ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ይምጣ እንጂ ኪሱ ውስጥ ይዞት አይምጣ።

ሁለት ልማዶች ብዙ ይጠቅማሉ። አንደኛው ቅላትንና የቀለም ነጠብጣብን በ«ትንሽ» እና «መካከለኛ» ፋንታ በኤፍሮን መለኪያ (የሌንስ ችግሮችን በሥዕል ደረጃ በሚሰጥ ሠንጠረዥ) ከ0 እስከ 4 በአሥርዮሽ መመዝገብ ነው። ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ዓይን ሳይነጋገሩ መዝግበው ሲያስተያዩ ልዩነቱ ያስደነግጣል፤ በሳምንት አንዴ ቢደጋገም ይጠባል። ሁለተኛው የፍሎረሲኑን ንድፍ በስልክ ካሜራ በስሊት ላምፑ ማያ በኩል በታካሚው ፈቃድ ማንሳት ነው። ሌንሱ በተሰጠበት ቀንና ከ3 ወር በኋላ የተነሱትን ጎን ለጎን ማየት ከብዙ ገለጻ ይሻላል። በዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩት ደግሞ ዓለም አቀፉ የኮንታክት ሌንስ አስተማሪዎች ማኅበር (አያክል) የማስተማሪያ ይዘት ያቀርባል።

ታካሚው ሌንሱን ራሱ ደጋግሞ አስገብቶና አውጥቶ ካላሳየ ይዞ አይሄድም። ለሃርድ ሌንስ የጎማ ማውጫ ከተሰጠው፣ ከመጠቀሙ በፊት ሌንሱ ኮርኒያው ላይ መኖሩን በመስተዋት ማየት እንዳለበት ተደጋግሞ ይነገረው፤ ባዶ ኮርኒያ ላይ የተለጠፈ ጎማ የላይኛውን ሽፋን ይልጣል። አለርጂው ገና ያልረገበ፣ ዓይኑን ማሸት ያልተወ ልጅ ደግሞ ሌንሱ ይቆይለት። መጀመሪያ አለርጂው ይታከም፣ የላይኛው ቆብ ተገልብጦ አለርጂው ያወጣቸው ጉብታዎች መሟሸሻቸው ይታይ፤ ልኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።